አሮጌውን ኮምፒዩተር ለጌም ለማብቃት፦ ከመግዛት በፊት መለካት

እንደሚታወቀው ሁሉ ከትምህርት በኋላ ያለውን ጊዜ የምናሳልፍበት መንገድ ለየቅል ነው። ኳስ የሚወድ ሜዳ ይወርዳል፣ ጨዋታ የሚወድ ሻይ ቤት ይቀመጣል፣ አንዳንዶቻችን ደግሞ ከኮምፒዩተር ፊት አንጠፋም። በዚህ ወር የሰማነው ወሬ ግን ብዕር እንድናነሳ አስገደደን። የሁለት መኝታ ክፍል ልጆች ገንዘብ አዋጥተው ያገለገለ የቢሮ ኮምፒዩተር ገዝተዋል፤ የፊታችን ቅዳሜ ደግሞ ለጌም የሚሆን ዕቃ ሊጨምሩበት ገበያ ሊወጡ ነው አሉ። ሐሳቡ መልካም ነው። ነገር ግን እኛ በዚሁ መንገድ ሄደን አንድ ጊዜ ወድቀናል። ስለሆነም እናንተም እኛ ከገባንበት ጉድጓድ እንዳትገቡ፣ ያየነውንና የተማርነውን እነሆ በዚህ ግድግዳ ላይ ለጥፈናል። ጽሑፉ ረዘም ይላል፤ ቆማችሁ የምታነቡ እህቶቻችንና ወንድሞቻችን ትንሽ ታገሡን።

እኛ አምስት ነን። ባለፈው ዓመት ዴል ኦፕቲፕሌክስ 7010 የሚባል ከቢሮ የወጣ ኮምፒዩተር በርካሽ አገኘን። ይህ ዓይነት እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ ነው። የኛው ውስጡ ኮር አይ5-3470 ፕሮሰሰር፣ 4 ጊጋባይት ራምና የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ነበረው። ለጽሑፍ ይበቃል፤ ጌም ሲከፈትበት ግን ምስሉ እየተቆራረጠ ያስለቅሳል። በመሆኑም ግራፊክስ ካርድ ለመግዛት ሦስት ወር ሙሉ ከኪሳችን ቆጠብን። አንዱ ጓደኛችን ለዕረፍት ወደ ቤተሰቦቹ የሚሄድበትን የመኪና ገንዘብ ሳይቀር ጨመረ። ገበያ ወጣን። ሻጩ ጂቲኤክስ 960 የሚባል ካርድ አውጥቶ «ይሄ ሁሉንም ያጫውታል» አለን፤ እኛም ከፍለን እየሮጥን ተመለስን።

ምን ያደርጋል! ካርዱ ከማዘርቦርዱ ከሚያገኘው ኃይል ሌላ፣ ባለ 6 ቀዳዳ ራሱን የቻለ የኃይል ገመድ ይፈልጋል። የኛ ኮምፒዩተር ፓወር ሰፕላይ ደግሞ እንዲህ ያለ ገመድ ጭራሽ የለውም። ወደ ሻጩ ብንመለስ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ተባልን። ጓደኛችን ያንን ዕረፍት እዚሁ ግቢ ውስጥ አሳለፈ። እሱ አንድም ቀን አልወቀሰንም፤ እኛ ግን ባዶው ምግብ ቤት ውስጥ ብቻውን መቀመጡን ስንሰማ አንገታችንን ደፋን።

ጥፋቱ የማን ነበር? ሻጩ አልዋሸም፤ ካርዱ ይሠራል። በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች እንደሚባለው፣ የራሳችንን ሣጥን ሳንከፍትና ሳንለካ የወጣነው እኛው ነን። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» የሚለውን ተረት ለተማሪ ልናስተምር የምንሠለጥን ሰዎች ራሳችን ዘነጋነው። እንግዲህ ከዚያ ወዲህ የደረስንበት አካሄድ የሚከተለው ነው።

1ኛ. ያለንን በትክክል ማወቅ

ስም ብቻ አይበቃም። ለምሳሌ ዴል «ኦፕቲፕሌክስ 7010» የሚለውን ስም እ.ኤ.አ. በ2023 ለሌላ አዲስ ኮምፒዩተር ደግሞ ሰጥቶታል። ሁለቱ በስም አንድ ይሁኑ እንጂ የአንዱ ራም ለሌላው አይሆንም። ስለዚህ የፕሮሰሰሩን ሙሉ ቁጥር፣ የራሙን ዓይነትና መጠን፣ የፓወር ሰፕላዩን ዋት፣ የሣጥኑን ስፋት በወረቀት ላይ ጻፉ። የፓወር ሰፕላዩ ዋት ሣጥኑ ሲከፈት በጎኑ በተለጠፈው ወረቀት ላይ ይነበባል።

ዊንዶውስ 10 ባለው ኮምፒዩተር ላይ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ የሚባሉትን ሦስት ቁልፎች በአንድነት ብትጫኑ ታስክ ማናጀር ይከፈታል። እዚያ ውስጥ ፐርፎርማንስ የሚለውን ስትመርጡ የፕሮሰሰሩ ስም፣ የራሙ መጠንና ፍጥነት፣ ከራም ማስገቢያዎቹም ስንቱ እንደተያዘ ይታያል። ለዚህ አንድ ሳንቲም አይወጣም።

2ኛ. ሕመሙ የቱ ጋ ነው?

ሐኪም ሳይመረምር መድኃኒት አያዝም። ኮምፒዩተርም እንዲሁ ነው። ኮምፒዩተር ውስጥ ሥራው እንደ ቅብብሎሽ ሩጫ ነው፤ ከአራቱ ሯጮች አንዱ ካነከሰ የሦስቱ ፍጥነት ከንቱ ይሆናል። ዲስኩ ጌሙን ያስቀምጣል፣ ራሙ አሁን የሚያስፈልገውን ይይዛል፣ ፕሮሰሰሩ ያሰላል፣ ግራፊክስ ካርዱ ምስሉን ይስላል። ስለዚህ ታስክ ማናጀሩን ከፍታችሁ ጌሙን ጥቂት ደቂቃ ተጫወቱና ተመልከቱ።

ሀ) ጌሙ ለመክፈት ብዙ ደቂቃ ከፈጀና ዲስኩ 100 በመቶ ላይ ከቆመ፣ ያነከሰው ዲስኩ ነው።
ለ) ራሙ ሊሞላ ጥቂት ከቀረውና ጨዋታው መሐል ላይ ድንገት ደርቆ ከቆመ፣ ራሙ አንሷል።
ሐ) ግራፊክሱ 100 በመቶ ሆኖ ፕሮሰሰሩ ግን ፋታ ካለው፣ ካርዱ ደካማ ነው። የምስሉን ጥራት ዝቅ ስታደርጉ ፍጥነቱ ከጨመረ ይህ ተረጋገጠ ማለት ነው።
መ) ጥራቱን ዝቅ ብታደርጉትም ምንም ለውጥ ከሌለና ፕሮሰሰሩ ከተጨናነቀ፣ ችግሩ ፕሮሰሰሩ ነው።

የኛው ሦስቱም ሕመም ነበረበት፤ ሀ፣ ለ እና ሐ። አይ5-3470 በውስጡ ኤችዲ ግራፊክስ 2500 የሚባል ሰዓሊ ቢኖረውም፣ እሱ ለቢሮ ሥራ እንጂ ለጌም የተሠራ አይደለም።

3ኛ. ሁለቱ አጥሮች፦ ኃይልና ስፋት

የኛን ገንዘብ የበላው ይህንን አለማወቃችን ነው። የ7010 ትልቁ ሣጥን፣ ማለትም ቆሞ የሚቀመጠው፣ ፓወር ሰፕላዩ 275 ዋት ነው። እስቲ እንደ ሒሳብ መምህር እንደምረው። ፕሮሰሰሩ 77 ዋት ነው። ለማዘርቦርዱ፣ ለራሙ፣ ለዲስኩና ለማራገቢያዎቹ በግምት 50 ዋት እንያዝ። ጂቲኤክስ 960 ደግሞ 120 ዋት ይፈልጋል። ድምሩ 247 ይሆናል። ገመዱ እንኳ ቢገኝ ትርፉ 28 ዋት ብቻ ነው፤ አህያን እስከ አንገቷ ጭኖ ዳገት እንደመንዳት ይቆጠራል። በአንጻሩ 75 ዋት የሚበላ ካርድ ብንወስድ ድምሩ 202 ይሆንና 73 ዋት ይተርፋል።

ይህ 75 የሚለው ቁጥር እንዲያው በአጋጣሚ የመጣ አይደለም። ግራፊክስ ካርድ የሚሰካበት የፒሲአይ ኤክስፕረስ ረጅሙ ማስገቢያ በደንቡ መሠረት እስከ 75 ዋት ድረስ ሊሰጥ ይችላል። ከዚያ በላይ የሚፈልግ ካርድ ሁሉ ተጨማሪ ገመድ ይጠይቃል። ስለሆነም የቢሮ ኮምፒዩተር ላለው ሰው ሕጉ አጭር ነው፦ በካርዱ ጫፍ ላይ የኃይል ገመድ መሰኪያ ካለ፣ አትግዙ።

«ታዲያ ፓወር ሰፕላዩን ለምን አንቀይርም?» የሚል ይኖራል። በ7010 ትልቁ ሣጥን ይቻላል፤ ዋናው መሰኪያው የተለመደው ባለ 24 እግር ነውና። ነገር ግን ከሱ ቀጥሎ በመጣው ኦፕቲፕሌክስ 9020 ላይ መሰኪያው ባለ 8 እግር ስለሆነ፣ ከገበያ የተገዛ ተራ ፓወር ሰፕላይ መገናኛ ካልተጨመረለት አይገባም። ደግሞም ርካሽና ስመ ጥር ያልሆነ ፓወር ሰፕላይ ሲቃጠል ሌላውንም ይዞ ሊሄድ ይችላል። በዚህ ላይ መቆጠብ ቁጠባ አይባልም።

ሁለተኛው አጥር ስፋት ነው። 7010 በቀጭን ሣጥንም ይመጣል። ቀጭኑ ቁመቱ አጭር የሆነ ካርድ ብቻ ነው የሚቀበለው፤ ፓወር ሰፕላዩም 240 ዋት ነው። ስለዚህ ማስመሪያ ያዙ፤ ከማስገቢያው ጀምሮ እስከ ዲስኩ ቤት ድረስ ያለውን ርዝመት በሴንቲ ሜትር ለክታችሁ ወረቀታችሁ ላይ ጨምሩት።

4ኛ. ዕቃዎቹን አንድ በአንድ

ሀ. ዲስክ። የሚሽከረከረው ሃርድ ዲስክ አንድን ነገር ለማግኘት መርፌው እየተመላለሰ ይፈልጋል። ኤስኤስዲ ግን የሚንቀሳቀስ አካል የለውም። ሃርድ ዲስክ በአብዛኛው በሰከንድ ከ100 እስከ 150 ሜጋባይት ሲያነብ፣ ጥሩ የሳታ ኤስኤስዲ ወደ 500 ይደርሳል፤ ትንንሽ ፋይሎችን በመፈለግ ረገድ ደግሞ ልዩነቱ ከዚህም እጅግ የሰፋ ነው። ሆኖም አንድ ነገር እንረዳ፦ ኤስኤስዲ ኮምፒዩተሩንና ጌሙን ቶሎ ይከፍታል እንጂ የምስሉን ፍጥነት አይጨምርም። የምትገዙት 2.5 ኢንች የሆነውን ባለ ሳታ ገመድ ይሁን። ኤም.2 የሚባለው እንደ ማስቲካ ልጥፍ ቀጭን የሆነው፣ በ7010 ማዘርቦርድ ላይ ማስገቢያ የለውም። አሮጌው ሃርድ ዲስክ አይጣል፤ ፊልምና ማስታወሻ ያስቀምጣል።

ለ. ራም። የዚህ ዘመን ኮምፒዩተር ራሙ ዲዲአር3 ነው። ዲዲአር3 240 እግር አለው፤ ዲዲአር4 ደግሞ 288፤ መሐል ላይ ያለው ስንጥቅም ቦታው ይለያያል። ስለዚህ አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም፤ በጉልበት ለማስገባት መሞከር ማዘርቦርድ መስበር ነው። የላፕቶፕ ራም አጭር ነው፤ አይሆንም። ለሰርቨር የተሠራው ሬጂስተርድ የሚባለው በመልክ ተመሳሳይ፣ በዋጋ ርካሽ ሆኖ ያጓጓል፤ ግን በነዚህ ኮምፒዩተሮች ላይ አይሠራም። ሌላው ቁም ነገር፣ አንድ ባለ 8 ከመግዛት ሁለት ባለ 4 ማድረግ ይሻላል። ፕሮሰሰሩ ራሙን በሁለት መስመር ያነባልና፤ በአንዱ መስመር በሰከንድ 12.8 ጊጋባይት የሚያልፈው በሁለት ሲሆን 25.6 ይሆናል። እኛ አንድ ባለ 4 ስለነበረን ያንኑ የመሰለ አንድ ባለ 4 ብቻ ጨመርን።

ሐ. ግራፊክስ ካርድ። ዋናው ገንዘብ የሚሄደው እዚህ ነው። ያለ ተጨማሪ ገመድ ከሚሠሩት መካከል፣ እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው ጂቲኤክስ 750 ቲአይ 60 ዋት ይበላል። በ2016 የወጣው ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ 75 ዋት ይበላል፤ የራሱ 4 ጊጋባይት ማስታወሻም አለው። በ2019 የወጣው ጂቲኤክስ 1650 እንዲሁ 75 ዋት ሆኖ ከሁለቱም ይፈጥናል። ግን ተጠንቀቁ! የ1050 ቲአይም ሆነ የ1650 አንዳንድ ሥሪቶች ፋብሪካው ስላፈጠናቸው መሰኪያ ተጨምሮላቸዋል። ስሙን ሳይሆን ካርዱን አገላብጣችሁ እዩ።

ሌላም ወጥመድ አለ። ጂቲ 1030 የሚባለው ትንሽ ካርድ በአንድ ስም ሁለት ዓይነት ነው። ጂዲዲአር5 ማስታወሻ ያለው በሰከንድ 48 ጊጋባይት ያሳልፋል፤ ዲዲአር4 ያለው ግን 16.8 ብቻ። ሁለቱ በካርቶናቸው ወንድማማች ይመስላሉ፤ ሥራ ላይ ግን አንዱ ሯጭ፣ አንዱ አንካሳ ነው።

መ. ፕሮሰሰር። ፕሮሰሰር የሚቀየረው በዚያው መሰኪያ ውስጥ ብቻ ነው። የአይ5-3470 መሰኪያ ኤልጂኤ 1155 ይባላል፤ ቀጥሎ የመጣው አራተኛው ትውልድ 1150 ስለሆነ አይገባም። በዚያው መሰኪያ አይ7-3770 ይገባል፤ ኮሩ እንደ አይ5 4 ቢሆንም በአንድ ጊዜ 8 ሥራ ይዞ ይሄዳል፤ የሚበላው ኃይልም ያው 77 ዋት ነው። ርካሽ ካገኛችሁ ደግ፣ ካልሆነ ግን የመጨረሻ ተራ ስጡት። የበለጠ አዲስ ትውልድ ልግዛ ያለ ሰው ማዘርቦርዱንም፣ ፕሮሰሰሩንም፣ ብዙውን ጊዜ ራሙንም መቀየር ይኖርበታል፤ ያ ማደስ ሳይሆን አዲስ ቤት መሥራት ነው።

5ኛ. ገደቡን ማወቅ

እዚህ ላይ እውነቱን ሳንናገር ብናልፍ ከዚያ ሻጭ አንሻልም። አሮጌ ኮምፒዩተር ቢያድሱት ወጣት አይሆንም።

በመጀመሪያ፣ ከአይ5-3470 ጋር የሚመደበው ትውልድ ኤቪኤክስ2 የሚባለውን የትእዛዝ ዓይነት አያውቅም። አንዳንድ አዳዲስ ጌሞች ያለዚህ ጭራሽ አይከፈቱም፤ የፈለገውን ካርድ ብትሰኩ ዋጋ የለውም። ስለዚህ አስቀድማችሁ የምትጫወቱትን ጌም ወስኑና የሚጠይቀውን አንብቡ። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2015 ለኮምፒዩተር የወጣው ጂቲኤ 5 አሳታሚው እንዲኖር የመከረው ፕሮሰሰር ይኸው የኛው አይ5-3470 ነበር፤ ከ8 ጊጋባይት ራምና ከጂቲኤክስ 660 ካርድ ጋር። 1050 ቲአይ ከ660 አያንስም። እንግዲህ እስከዚያ ዘመን ድረስ የወጡ ጌሞች አብዛኞቹ ይሆናሉ ማለት ነው።

ሁለተኛ፣ ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ይህንን ትውልድ በደንቡ አይቀበልም። ስለዚህ እንዲህ ባለ ኮምፒዩተር ላይ የባንክ ሚስጥር ቁጥር አታስቀምጡ።

ሦስተኛ፣ ኤንቪዲያ ለ750 ቲአይና ለ1050 ቲአይ ትውልዶች ለአዳዲስ ጌም የሚያወጣውን ድራይቨር ከኦክቶበር 2025 በኋላ አቁሟል፤ 1650 ግን ከዚህ ውጪ ነው። በዋጋ የሚቀራረቡ ሆነው ካገኛችሁ 1650ን ምረጡ የምንለው በዚህ ምክንያት ነው።

6ኛ. ገበያ ላይ

ሰውን ማመን ቀብሮ ነው ይባላል። እኛ እስከዚያ አንሄድም፤ ሆኖም ካርዱ ተሰክቶ፣ ጌም ተከፍቶ ሳታዩ ብር አትቁጠሩ። ከተቻለ የራሳችሁን ኮምፒዩተር ተሸክማችሁ ሂዱ። እኛ ሁለተኛውን ጊዜ በማዳበሪያ ጠቅልለን በትከሻ ይዘነው ሄድን፤ ሰው ሳቀብን፣ እኛ ግን በሙሉ ልብ ተመለስን። ከውስጥ አሮጌ የሆነ ግን 1050 ቲአይ ነኝ እንዲል የተደረገ ካርድ በዓለም ገበያ ላይ ይሸጣል፤ ጂፒዩ-ዚ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ብዙዎቹን ሐሰተኞች ለይቶ ያሳያል። በፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ። የመመለሻ ቀንም በወረቀት ተጽፎ ይሰጣችሁ።

ስትገጥሙም ገመዱን ከሶኬት ነቅላችሁ፣ ማብሪያውን ጥቂት ሰከንድ ተጫኑት፤ እጃችሁን በሣጥኑ ብረት አስነኩ፤ የገላ ኤሌክትሪክ ቺፕ ይገድላልና። አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ አራግፉ። በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው መካከል ያለው ቅባት ከአሥር ዓመት በኋላ ደርቆ አፈር ስለሚመስል አዲስ ቀቡት። አንዳንድ ፓወር ሰፕላይ ከኋላው 115 እና 230 የሚል ቀይ መቀየሪያ አለው፤ የኛ አገር መብራት 220 ቮልት ስለሆነ 230 ላይ መሆኑን ሳታዩ እንዳትሰኩ።

7ኛ. አሥር ብር ቢኖረን

ዋጋ በየሳምንቱ ስለሚለዋወጥ በብር ልንነግራችሁ አንችልም፤ ድርሻውን ግን እንናገር። ሁለተኛውን ጊዜ ከእያንዳንዱ አሥር ብር አምስቱን ለካርድ፣ ሦስቱን ለኤስኤስዲ፣ አንዱን ለራም አዋልን። የቀረችው አንዷ ብር ለቅባት፣ ለሳታ ገመድና ለትራንስፖርት ሆነች። መብራት ያለው ቁልፍ ሰሌዳና ባለ መስኮት ሣጥን ያማረው ጓደኛ ከመካከላችን ነበረ። በድምፅ ተሸነፈ፤ አሁን ግን ከሁላችን በላይ የሚጫወተው እሱ ነው። ገንዘቡ በአንድ ጊዜ ካልሞላ፣ መጀመሪያ ሕመሙ የጸናበትን ክፍል ግዙ፤ ከዚያም እንደገና ለኩ።

ውድ አንባቢያን፣ «ለመምህር ጌም ምን ያደርግለታል?» የሚለን አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። ያ ኮምፒዩተር ማታ ኳስ ያጫውተናል፤ ቀን ግን ለማስተማር ልምምድ የምንሠራቸውን ሥዕሎችና ሠንጠረዦች አዘጋጅተንበታል። ከዚህም በላይ አምስት ሰው በአንድ ኪስ መግዛትን፣ ሳይለኩ አለመቁረጥን፣ ስሕተትን በአደባባይ መናገርን አስተምሮናል። ነገ ገጠር ተመድበን አንድ የተበላሸ ኮምፒዩተር ጥግ ላይ አቧራ ለብሶ ብናገኝ፣ ሣጥኑን ከፍተን የምናይ እንጂ ጨርቅ የምናለብሰው አንሆንም።

ያ ጂቲኤክስ 960 የት ደረሰ? ከብዙ ወር በኋላ ትልቅ ፓወር ሰፕላይ ላለው ሰው በኪሳራ ሸጥነው። ከተገኘው ገንዘብ በመጀመሪያ የተከፈለው የጓደኛችን የመኪና ብር ነው። በተከታዩ ዕረፍት ቤተሰቦቹን አይቶ ተመልሷል።

የቅዳሜ ገበያተኞች ሆይ! ይህን አንብባችሁ ያልገባችሁ ነገር ካለ፣ ሣጥናችሁን ይዛችሁ ወደኛ ክፍል ኑ። ማስመሪያና ስክሩድራይቨር ከኛ፣ ሻይ ከናንተ። ቸር ይግጠመን።